አምስቱ ጥያቄዎች

«ከመጨረሻው ይጀምሩላት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እባክዎ፣ አምስተኛውን ጥያቄ መጀመሪያ ይጠይቋት።»

የይግባኝ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩት። ከጎናቸው የተቀመጠው ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ከሦስት ወር በፊት ልጅቷን መርምሮ «ልዩ ድጋፍ አያስፈልጋትም» ብሎ የፈረመው እሱ ስለሆነ፣ ከወረቀቱ ቀና ማለት አልፈለገም።

ልጅቷ በአባቷና በእናቷ መካከል ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ስምንት ዓመቷ ነው። የአባቷ ደንበኞች «እሜቴ» ይሏታል። ፀጉር ቤቱ ከገባች ትልቁ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ክንዶቿን መደገፊያው ላይ ዘርግታ፣ ማን ወንድ ያወርደኛል ስለምትል ነው። አፏን የፈታችው በአምስት ዓመቷ ሲሆን ዛሬም የምትናገረው ሰው ያላትን ደግማ ነው። ትምህርት ቤት መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ አንድ ወረቀት በአንድ ቀለም ስትቀባ ትውላለች። አስተማሪዋ «ጨዋ ናት፣ አትረብሽም» ትላለች። ሰባ ልጅ ለታቀፈ አስተማሪ ያልረበሸ ሁሉ እንደተማረ ይቆጠራል። እዚያው ግቢ፣ አጥሩ ጥግ፣ አሥራ ሁለት ልጆች ብቻ የሚቀበል ልዩ ክፍል አለ። አባትና እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ የጠኑት እዚያ ክፍል ውስጥ ላለች አንዲት ቦታ ነው።

ነገሩን ያበላሹት ራሳቸው ነበሩ። እናትየው ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ልጇን ያስመረመረች አንዲት ባልደረባዋ የሚጠየቁትን አምስት ጥያቄዎች በተርታ ነገረቻት። ወላጅ ደግሞ ፈተና ሲባል የሚያውቀው ማለፍን ብቻ ነው። እናም አንድ ወር ሙሉ አስጠኗት። ሥራ ሲያልቅ እሜቴ ትልቁ ወንበር ላይ ትወጣለች፣ አባትየው ይጠይቃል፣ አምስቱንም በተርታ ስትመልስ ወንበሩን አንድ ዙር ያሽከረክርላታል፣ እሷም በሳቅ ትፈርሳለች። የምርመራው ቀን ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ አምስቱንም ሳትሳሳት መለሰች። ባልና ሚስት በኩራት ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። «ልዩ ድጋፍ አያስፈልጋትም» የሚለው ደብዳቤ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ልፋ ያለው በህልሙ ሸክም ይሸከማል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሰብሳቢዋ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ባለሙያው ከአምስተኛው ጥያቄ ጀመረ።

«እሳት ብትነኪ ምን ትሆኛለሽ?»

«ሰባት» አለች እሜቴ።

ባለሙያው ብዕሩን አስቀመጠ። «ሲርብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ጃንጥላ።»

ፀጉር አስተካካዩ የሰብሳቢዋን ፊት ያይ ነበር። ፊታቸው ለዘብ ሲል አየ፣ ተስፋም አደረገ።

«ውሻ ስንት እግር አለው?»

«አራት።»

ባለሙያው ቀና አለ። ፀጉር አስተካካዩ ያኔ ነው የገባው። አምስት ነገር ከፊትም ቢቆጠር ከኋላም ቢቆጠር ሦስተኛው ያው ሦስተኛው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ ይህን አለማሰቡ አንገበገበው። ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደምትይዝ ስትጠየቅ «እበላለሁ» አለች። በመጨረሻም የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ዕድሜዋን ጠየቃት።

«እቃጠላለሁ» አለች እሜቴ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ ፈገግ አለች። አምስቱን ጨርሳለችና ሽልማቷን እየጠበቀች ነበር። አባትየው ዓይኗን ማየት አቃተው። ልጁን በሰው ፊት ያዋረደ መሰለው።

ባለሙያው የውሻውን በትክክል መመለሷን ለሰብሳቢዋ አሳየ፤ ይህም መረዳት እንደምትችል ምልክት ነው አለ። አባትየው የመሃሉ ጥያቄ ከየትም ቢጀምሩት ቦታው እንደማይለወጥ በጣቶቹ እየቆጠረ አስረዳ። ማንም አልጻፈለትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«ያን ጊዜ እንድታልፍ አስጠናችኋት፤ ራሳችሁ ነግራችሁኛል» አሉ ሰብሳቢዋ። «ዛሬ ደግሞ እንድትወድቅ አላስጠናችኋትም ብዬ በምን ልመን?»

«እንደዚያ አድርገን ማስጠናት ብንችልማ» አለች እናትየው፣ «እርስዎ ዘንድ ምን አመጣን?»

ሰብሳቢዋ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ በተሻለ። የሚመጣው ዓመት በአዲስ ጥያቄ እንደገና ትመረመር ብለው ወሰኑ፤ በር ድረስም ሸኟቸው። «እስከዚያ ግን ምንም ነገር አታስጠኗት» አሉ የእሜቴን ጉንጭ እየዳሰሱ። «እንዳለች ትምጣ። ያኔ እውነቱ ይታያል።»

ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ እናትየው የባሏን ክንድ ያዘች።

«ሰምተሃል አይደል? አንድ ዓመት ነው፤ አፋችንን እንያዝ። ጥያቄዎቹን የነገረችኝን ባልደረባዬን ልጅ አላየኸውም? ልዩ ክፍል ገብቶ በዓመቱ ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል። ቦታው ካመለጣት እኛ ከሞትን በኋላ ማን ያለብሳታል?»

ትክክል ነበረች። የፀጉር ቤቱን ቁልፍ ከፈተ።

እሜቴ ሮጣ ትልቁ ወንበር ላይ ወጣች፤ ክንዶቿን ዘርግታ ጠበቀች። እናትየው ደንበኞች ተራ በሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። እሱ ምንም ሳይጠይቅ ወንበሩን አንድ ዙር አሽከረከረላት። ልጅቷ አልሳቀችም። ግራ ገብቷት አየችው፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ትደረድር ጀመር።

«ሰባት፣ ጃንጥላ፣ አራት፣ እበላለሁ፣ እቃጠላለሁ።»

ሽልማቱ እንዲያው በነጻ የሚሰጥ አልመሰላትም። አባትየው በመስታወቱ ውስጥ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱም ሐሳቡ ገባት።

«ተው» አለችው በለሆሳስ። «በልጄ ይዤሃለሁ፣ ተው።»

የወንበሩን ጀርባ በእጁ ያዘ። የወንበሩ ቆዳ ልጅቷ በጥፍሯ በቧጠጠችው በኩል ተልጦ ነበር። ከዚያ ዞሮ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ።

«ሰባት አይደለም፣ እሜቴ» አላት። «ሰባት ድሮ ነው። አሁን ስምንት ሆነሻል። በይ፣ ስምንት በይ።»