ቀብሩን ዝለል

አያ ካሴ ሠላሳ አንድ ዓመት በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር መካከል አውቶብስ ሲነዱ ያመለጣቸው ቀብር አንድ ነው፤ የገዛ ሚስታቸው የእትዬ እቴነሽ። ጠዋት ደኅና ትተዋት ወጡ። ሲመለሱ ሐሙሲት ላይ ጎማ ፈነዳባቸው። ያኔ ስልክ እንደዛሬው በየኪሱ የለም፤ ሬሳም በእኛ አገር አያድርም። ከተማ ሲገቡ አፈሩ ተመልሶ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየዘገነ ነበር።

ጡረታ ወጥተው ዓይናቸው ሲደክም መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የብርቱካን ሱቅ ደጃፍ መዋያቸው ሆነች። ብርቱካን ከኩዌት ስትመለስ ጓደኞቿ ወርቅና ብርድ ልብስ ሲያመጡ እሷ የአሠሪዎቿ ልጆች የጣሉትን ኮምፒውተር ከነጨዋታ መሪው ተሸክማ የመጣች ሴት ናት። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ከፈተችበት። እኔ ለደንበኞቿ ማመልከቻ እጽፋለሁ። በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅሁ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ የሥራ ማመልከቻ ስጽፍ ስለኖርኩ በዚህ ሙያ በከተማው የሚስተካከለኝ የለም።

ሰው በሌለበት ሰዓት ብርቱካን የአውቶብስ መንዳት ጨዋታ ትጫወታለች። ጨዋታው ሲሠራ የፈረንጅ መንገድ ብቻ ነበረበት፤ ዳር ዳሩ የታጨደ፣ አንዲት ላም እንኳ የማትሻገረው። ግን ሞድ የሚሉት ነገር አለ። ተጫዋቹ ራሱ መንገድ ወይ መኪና ወይ ዛፍ ሠርቶ ጨዋታው ላይ ይቀጥልና ለሌላው በነጻ ያጋራል። የሚጋራበት ድረ ገጽ የእንግሊዝኛ ስም ቢኖረውም እኛ ጎተራ ነበር የምንለው። ያለው ያስገባል፣ የጎደለው ይዘግናል። ብራዚላዊው ጎማ አስገባ፣ ፖላንዳዊው ዝናብ አስገባ፣ ብርቱካን ደግሞ ከባሕር ዳር በሐሙሲትና በወረታ አድርጎ ደብረ ታቦር የሚገባውን መንገድ አስገባች።

መንገዱን የሰጧት አያ ካሴ ናቸው። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ኩርባ በኩርባ ይወርዱላታል። አለም በር አቀበት ላይ ሁለተኛ ማርሽ፤ እዚህ ጋ ጉም ይወርዳል፣ መብራት አብሪ፤ እዚያ ጋ በቅሎ የሚያስር ሰው አለ፣ በግራ እለፊው። ለዚህ ሁሉ የጠየቁት ውለታ አንድ ብቻ ነው።

“ለቀብር የማይቆም አውቶብስ ላይ እኔ የለሁበትም” አሏት።

ቃል ገባችላቸው። ደብረ ታቦር መግቢያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ፣ ቃሬዛ የተሸከመ ለቀስተኛ መንገዱን ያቋርጣል። ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል። ጥሩንባ የነፋ እንደሆነ ጨዋታው እዚያው ያበቃበታል። ፖላንዳዊው እሱም እዚያ ሲደርስ ኮፍያውን እንደሚያወልቅ ጻፈልን።

ከዚያ በኋላ አያ ካሴ በየቅዳሜው እየመጡ በትልቁ ስክሪን ይነዳሉ። መታጠፊያው ጋ ሞተር ያጠፋሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ቃሬዛው እስኪያልፍ አንገታቸውን ደፍተው ይቆያሉ። “ደረስኩ” ይሉና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ነገር ከእኛ ጋር አንድም ቀን አውርተው አያውቁም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ጎተራው ተሸጠ። የገዢውን ስም አልጠራም፤ ከገዛው ወዲህ ሦስቴ ስለቀየረው የትኛው ስም እንደሚቀየመኝ አላውቅም። ለሠሪዎች ሁሉ ደብዳቤ ልኮ ነበር። ሥራችሁን እንደፈለግሁ ላሻሽል ነው፣ በአርባ አምስት ቀን ውስጥ ያልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል የሚል። ደብዳቤው የመጣው በእኛ በኩል ኢንተርኔት ተዘግቶ በከረመበት ዘመን ነው። ብርቱካን ስታነበው ከተስማማች ስድስት ወር አልፏታል።

“ይኸ ጠለፋ ነው” አለችኝ። “ጠላፊ እንኳ በኋላ ሽማግሌ ይልካል።”

ገዢው መጀመሪያ ያደረገው ጎተራውን ሲጠብቁ የነበሩትን ሰዎች ማባረር ነው። በቦታቸው ለደብዳቤ መልስ የሚሰጥ ማሽን አስቀመጠ። ወዲያው ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ። የፖላንዱ ዝናብ ሰሐራ ላይ ወረደ። የአንዱ አገር አውቶብስ ፍሬኑ ጠፍቶ ባሕር ገባ፤ ኩባንያው ይህን “አዲስ ገጠመኝ” አለው። እንዲህ እንዲህ እየተባለ የእኛ መንገድ ተራ ደረሰ። ተጫዋቾች መታጠፊያው ላይ ሁለት ደቂቃ ሥራ ፈተው እንደሚቆሙ የሚቆጥር ሰው ተገኘ። ስለዚህ አውቶብሱ ሲቆም ለቀስተኛው ይጠፋና ጸጉሯን የምትታጠብ ሴት ትመጣለች፤ የሻምፑ ማስታወቂያ። ከሥሯ ቢጫ ቁልፍ አለ። ማሽን በተረጎመው አማርኛ “ቀብሩን ዝለል” ይላል። ዘለልክም አልዘለልክም፣ ማስታወቂያው ሲያበቃ አውቶብሱን ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ ነው የምታገኘው።

የድሮው ቅጂ የታለ ብዬ ብርቱካን ላይ ጮህኩ። የኮምፒውተሯ ሆድ ጠባብ ስለሆነ ጎተራ ካስገባች በኋላ ከራሷ አጥፍታዋለች። ጎተራ እያለ እህሉን በጀርባው የሚያዝል የለም። ሥራዬን መልሱልኝ ብላ ጻፈች። የገባ ፋይል ለአገልግሎቱ መረጋጋት ሲባል አይወጣም አሏት። ስለ ቀብሩ አራት ገጽ ጻፍኩላት፤ ከጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ያቺ ትበልጥ ነበር። ማሽኑ በግማሽ ደቂቃ መለሰ፦ “ስለ ቀብርዎ ስላሳወቁን እናመሰግናለን። አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይመዝኑ።”

በዚያ ሳምንት ኩባንያው ከሠሪዎች ጋር በቪዲዮ ግልጽ ውይይት ጠራ። አያ ካሴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። እስከዛሬ የተበላሸው እኮ ሰው ሳይላክ በወረቀት ስለተጨቃጨቅን ነው አሉ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች መሪጌታ ወርቁንና አያ ሞላን ይዘው ከች አሉ፤ ሦስቱም ነጭ ነጠላ በካፖርት ላይ አጣፍተው፣ ጭራቸውን ይዘው። ወንበር ደርድሬ ነበር። ዞር ብለውም አላዩት። ለሽምግልና የሄደ ሰው ጉዳዩ ተሰምቶለት ባለቤቱ ተቀመጡ እስኪለው ድረስ አይቀመጥም። ካሜራው ፊት ተርታ ይዘው ቆሙ።

ስድስት መቶ ሰው ገብቷል፤ የሁሉም ድምፅ ከወዲያ ተዘግቷል። ካናቴራ የለበሰ ጎልማሳ አበባ ፊት ተቀምጦ ያወራል። ብርቱካን ከስክሪኑ ሥር ባለው መጻፊያ ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ እባክዎ ተቀመጡ ይበሏቸው ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። የልብ ሥዕል ከላይ ከላይ እየጎረፈ ጽሑፏን ወሰደው። ደግማ ጻፈች፤ ደግሞ ወሰደው።

“ምን አለ?” አሉ አያ ካሴ።

“ቤተሰብ ነን አለ።”

“እንግዲያ ተቀመጡ ማለቱ አይቀርም።”

አርባ ደቂቃ ሲሆን አያ ሞላ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ደገፍ አሉ። ወንበር አስጠጋሁላቸው። በጭራቸው መለሱኝና “የሚያስቀምጠኝ አንተ አይደለህም” አሉ፣ ዓይናቸውን ከካናቴራው ሳያነሡ። ጎልማሳው ቤተሰብ የሚለውን ቃል አሥራ ሰባት ጊዜ አነሣ፤ ቆጥሬያለሁ፣ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። በሰባኛው ደቂቃ እጁን አውለበለበ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ስብሰባውን አስተናጋጁ ዘግቶታል የሚል ጽሑፍ ወጣ።

መሪጌታ ወርቁ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። “ሰው በር ላይ ቆሞ ነው የዘጋው?” አሉ። ሳይቀመጡ ወጡ። የቀረበላቸውን ጠላም አልቀመሱም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከስብሰባው ቪዲዮ የተወሰደ የሦስቱ ሽማግሌዎች ፎቶ በጎተራው የፊት ገጽ ላይ ወጣ፤ ከሥሩ “ከአፍሪካ የመጡ ደስተኛ ሠሪዎቻችን” ይላል። ብርቱካን ለአያ ካሴ እንዳልነግር አስማለችኝ።

ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው መጡ። መብራት የለም አልኳቸው፤ ከኋላዬ ፎቶ ኮፒው እያጓራ። ገፋ አድርገውኝ ገቡና መሪውን ያዙ። ሐሙሲትን አለፉ፣ ወረታ ላይ ታጠፉ፣ አለም በር አቀበት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ጉሙ ጋ መብራት አበሩ። መታጠፊያው ጋ ሞተር አጥፍተው ባርኔጣቸውን አወለቁና አንገታቸውን ደፉ። ሴትዮዋ ጸጉሯን እየታጠበች ሳቀች። እጄን ወደ ቢጫው ቁልፍ ሰድጄ መለስኩት፤ ምን ሊጠቅም።

ቀና ሲሉ መንገዱ ባዶ ነው። አውቶብሱ ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ ቆሟል። ሁለት ደቂቃ ስለቆጠቡ እንኳን ደስ አለዎ የሚል ጽሑፍ ከላይ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ፊደሉ ለዓይናቸው ደቃቅ ነው። ስክሪኑን ተጠግተው ግራ ቀኙን ፈለጉ። ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ነው።

“ዛሬ አልደረስኩም” አሉ። ወደ ብርቱካን ዞረውም፣ “ምን ሆነ? ጎማ ነው እንዴ?”

ብርቱካን ወደ እኔ አየች።

“አዎ አያ፤ ጎማ ነው” አለቻቸው።