ለዘጠኝ እኩል የተከፈለው ሰርቨር

ሩሐማ ሐይቁ ዳር ካለው የእድሮች ኅብረት አዳራሽ ስትገባ ደሟ ፈልቷል። የእናቷ የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አርባ ገና አልወጣም፤ ኮሚቴው ግን የጠራት ሊያጽናናት አይደለም። የዘጠኙን እድር ድረ ገጾች የምታስተዳድረው እሷ ናትና፣ ገጾቹን የሚሸከመው ሰርቨር የኪራይ ውሉ ስላለቀ ሐሳብ ስጪ ብሎ ነው።

ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊ ሰፈር ለሰፈር ይዞር ነበር። ኮሚቴው «ዘመኑ ተለውጧል» ብሎ አሰናበተው፤ መርዶውም፣ የቀብር ሰዓቱም፣ ቦታውም በድረ ገጽ ሆነ። ደግ! ሰርቨሩን ሲከራዩ ግን የእድር አመላቸው ያዛቸውና «አንዱ ካንዱ አይበልጥም» ብለው እንደ ቅርጫ ሥጋ ለዘጠኝ እኩል መደቡት። ሩሐማ ያኔም ለምና ነበር። «ሰው ሲበዛ የሚሰፋ፣ ሲቀንስ የሚጠብ አለ፤ አንዱ ሲጨንቀው የሌላውን ቦታ ይጠቀማል» ብትል በጄ ያላት የለም።

እናቷ ያረፈች ዕለት ሬሳዋ በጀልባ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ዘጌ ይሻገር ነበርና፣ ስድስት መቶ አባወራ ከነቤተሰቡ «ጀልባው ስንት ሰዓት ነው?» እያለ ገጹን ባንድ ጊዜ ከፈተው። የእድሯ ድርሻ መች ይችላል! ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። የስምንቱ እድሮች ድርሻ ባዶውን ተቀምጧል። ከተከራዩት ሦስት ጀልባዎች ሁለቱ ሰው አጥተው ወደብ ቀሩ፤ ቀባሪው አሥራ አንድ ሰው ነው። ይባስ ብሎ፣ እናቷ አፈር እየለበሰች ሳለ የሩሐማ ስልክ ጮኸ። ከኮሚቴው አንዱ «ገጹ አልከፈት አለ፣ እስቲ አስነሺልን» አላት። ይኼ ይረሳል?

ሊቀ መንበሩ አቶ አንዳርጋቸው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ «እንግዲህ የነበረውን ብናድሰው ምን ይለናል?» አሉ። «በአዘቦት ቀን ገጹን የሚከፍተው ሠላሳ ሰው አይሞላም። ደግሞ እኩል ስለሆነ ማንም አያኮርፍም።»

«አዘቦት!» ሩሐማ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። «እድር የተቋቋመው ለአዘቦት ነው እንዴ? ለቅሶ ቤት ወንበር ሲያንስ ከጎረቤት እድር እየተዋሳችሁ አይደል የኖራችሁት? ያኔ ‹እኩል ተካፍለናል፣ ቆመህ አልቅስ› ትሉታላችሁ? ነገርኋችሁ፣ ለመንኋችሁ፣ በወረቀት ጻፍሁላችሁ!»

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ...»

«ልጄ አይበሉኝ! ልጅዎ ብሆን ኖሮ እናቴን አብረውኝ ይቀብሩ ነበር።»

ጸሐፊው ግሩም አንገቱን እንደደፋ ወረቀቱን ሳብ አደረገና «እሷ ያለችው፣ የሚሰፋው ይሁን» አለ። ሁሉም እጁን አወጣ። የተቃወመ የለም፤ ነገሩ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሩሐማን ደስ ከማለት ይልቅ ንዴቱ ባሰባት። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ያኔ ምን ነካቸው?

አቶ አንዳርጋቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ጥፋቱ የእኛ ነው። ነገ ጀልባ ይዘን፣ ኮሚቴው በሙሉ የእናትሽ መቃብር ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል» አሉ። ከዚያ አመነቱ፤ ግሩምን አዩት፣ እሱም ሌሎቹን አየ። «ለመሆኑ... ዘጌ የትኛው ደብር ነው ያረፉት?»

ሩሐማ ቦርሳዋን አነሣች።

«ገጹ ላይ ተጽፏል» አለችና በሩን በላያቸው ድርግም አድርጋ ወጣች።