በኦግዋንግ ግቢ የተደፉ ድስቶች

አሞንጊ ከጠዋት ጀምሮ በተደፋ ድስቷ ላይ ተቀምጣ የኦግዋንግን የተቆለፈ በር ስታይ ዋለች። አጠገቧ የኦግዋንግ ሚስት አዎር አለች። ትናንት ባሏ በፍልጥ የመታት ክንዷ አብጧል፤ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። የሚጠባው ልጇ ከአባቱ ጋር ውስጥ ነው።

በሰሜን ኡጋንዳ፣ ከሊራ ከተማ ወጣ ባለው በዚህ መንደር የሴቶቹ ማኅበር ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ነው። አንዱ ሚስቱን ሲደበድብ ሁሉም ድስታቸውን ተሸክመው ይመጡና ግቢው ውስጥ ደፍተው ይቀመጡበታል። በየቤታቸው እሳት አይነድም። ቀትር ላይ የራባቸው ባሎች እየተቆጡ ይመጣሉ፤ "ሰውዬ፣ በአንተ ጦስ እኛ ጦማችንን እንዋል?" ብለው ደብዳቢውን አስወጥተው ሽማግሌ ፊት ያቆሙታል። ሴቶቹ ግን ማንንም አይነኩም። ድሮ አንዷ በር ገፍታ ሁሉም ፖሊስ ጣቢያ ከዋሉ ወዲህ፣ መቀመጥ እንጂ እጅ ማንሣት የለም ብለው ተማምለዋል።

ዛሬ ግን ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ አንድም ባል አልመጣም።

"እህቱን በስልክ ሲጠራት ሰምቻለሁ" አለች አዎር። "ልጄን ወደ እናታቸው አገር ልትወስድ ነው። እማማ አሞንጊ፣ በመስኮት ልግባ። መቀርቀሪያ እኮ የለውም።"

"አይሆንም፣ ልጄ። ገብተሽ ቢገድልሽስ? ተቀመጪ። ባሎቻችን አሁን ይመጣሉ፤ ረኃብ ያመጣቸዋል።"

"መቼ?"

አሞንጊ ተነሥታ ባሎቹን ፍለጋ ወጣች።

ብዙም አልራቀች። መንገድ ዳር፣ አሉም የምትባል ሴት ጨፓቲ የሚሉትን ቂጣ የምትሸጥበት ዳስ ውስጥ፣ የሴቶቹ ባሎች አግዳሚውን ሞልተው ይበላሉ። የራሷ ባል ኢቦንግ ዕንቁላል የተጠቀለለበት ጨፓቲ ጎርሶ፣ ጉንጩ ተወጥሮ አየችው።

"ኧረ ሊቀመንበራችን መጣች! ጠጋ በሉላት" አለ አንዱ። "እሜቴ፣ ድስቱ ተመቸሽ?"

አሞንጊ ባሏ ላይ አፈጠጠች። "ከእኔ ወጥ ይሻላል?"

"ዕንቁላል አለው" አለ ኢቦንግ። ዳሱ በሳቅ ሞላ።

እሷ ወደ አሉም ዞረች። አሉም ከማኅበሩ አባላት አንዷ ናት። "አንቺ፣ ጉልበቴን አሞኛል ብለሽ አልነበር የቀረሽው?"

"አሞኛል። ቆሜ ስጋግር ውዬ እንዴት አያመኝ!"

"የማኅበሩ አባል ሆነሽ?"

"ድስቴን ልኬያለሁ። ሄደሽ እዪው፤ ጆሮው የተሰበረው የእኔ ነው። አምጡ ያላችሁት ድስት ነው። መጥበሻ ያለ አለ?"

"አትቀልጂብኝ! አንቺ ባሎቹን ካበላሽ እኛ ፀሐይ ላይ የምንቀቀለው ለምንድን ነው? የአዎር ልጅ ሊወሰድ ነው እኮ!"

አሉም ሊጡን መዳመጧን ተወች። "እናንተ የምታስርቡት ባል አላችሁ። የእኔ ከሞተ ቆየ። እኔ ማንን ላስርብ? ልጆቼን? ያን ሁሉ ስትማማሉ ባል ለሌላት ምን አላችሁ?"

ምንም አላሉም ነበር። ይህ ዳስ ያኔ አልተሠራም ነበር፤ አሉምም ያኔ ባል ነበራት። አሞንጊ ንዴቷን ወደ ማን እንደምትወረውረው ጠፋት።

በዚህ መሀል ሞተር ብስክሌት አቧራ እያስነሣ በአጠገባቸው አለፈ። ከነጂው ኋላ የኦግዋንግ እህት ተቀምጣለች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን ታዝሏል፤ ልቅሶው ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይሰማል።

ሳቁ ቆመ።

"ወሰደችው እኮ" አለ አንዱ። ማኘኩን ግን አላቆመም።

ወዲያው አዎር እየሮጠች መጣች። የታመመ ክንዷን በደረቷ አቅፋ አሞንጊ ፊት ቆመች።

"አንቺ እንደሄድሽ መጥታ በሴቶቹ መሀል ይዛው ወጣች" አለች እያለከለከች። "እግራቸውን ሰብስበው አሳለፏት። ያዙልኝ ስላቸው፣ እጅ አናነሣም አሉኝ።"

"አዎር..."

"በመስኮት ልግባ አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል።"

"ተቀመጪ አልሽኝ።"

"ቆይ፣ አሁን የመንደሩ ሊቀመንበር ጋ ሄደን፣ ከዚያም ጣቢያ..."

"ቆይ ስትዪኝ ነው የዋልሽው!"

አዎር አቧራው ገና ያልሰከነበትን መንገድ ይዛ ነጎደች። የኦግዋንግ እናት አገር ሩቅ ነው፤ ወደዚያ በእግር የሚሄድ የለም። አሞንጊ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ተከተለቻት።

"አንቺ ሴት!" አለ ኢቦንግ ከአግዳሚው እየተነሣ። "ወዴት ነው? ራትስ?"

ዞር ብላም አላየችው።

ከመንደሩ ሲወጡ አዎር ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች። "እዚያም ሄደሽ ደጃፍ ላይ የምትቀመጪ ከሆነ አትከተዪኝ።"

"አልቀመጥም" አለች አሞንጊ።

አዎር መከተሏን አልከለከለቻትም፤ እርምጃዋን ግን አላቀዘቀዘችላትም።