የሣህሉ የሰዓት ዋጋ

በዚያ ዓመት ድሬዳዋ ከመሞቋ የተነሣ ዶሮዎቻችን የሚጥሉት የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ያላመነ አድኃሪ ነው።

በያጁ ጎረቤቴ ሣህሉ ከመንግሥት ጋራዥ የተቀነሰው ያኔ ነው። ጓድ ኃላፊው አባረርኩህ አላለውም፤ ከእንግዲህ ስንጠራህ ትመጣለህ፣ የምንከፍልህ በሰዓት ነው፣ ዋጋህን ነገ ይዘህ ና አለው።

ሣህሉ በርጫችን ላይ ጫቱን እየቀነጠሰ አሰላ። የወር ደሞዙን መቶ ሃምሳ ብር ለሁለት መቶ ሰዓት ቢያካፍለው ሰባ አምስት ሳንቲም ወጣለት። እኔን ሒሳብ ከአራተኛ ክፍል በዱላ ነው ያባረረኝ፤ ቢሆንም ልክ መሰለኝ።

የጭነት መኪና ባለቤቱ ዲሪዬ ግን ሳቀ።

«አቦ ሣህሉ፣ ግመል ስታከራይ ባዶዋን የምትመለስበትን መንገድ አታስከፍልም እንዴ? ሥራ የሌለበትን ቀን፣ ወባ የሚጥልህን ቀን ማን ይከፍልሃል? እጥፉን በል።»

ሣህሉ ኮስተር አለ። ለዚያው እጅ፣ ለዚያው ብየዳ ከትናንቱ በላይ መጠየቅ ሌብነት ነው አለ። ደግሞም ፈርቷል፤ ዋጋ ሰቅሎ ሌላ በያጅ ቢጠሩበት ሚስቱ ዘነበችና ሦስት ልጆቹ ጦም ማደራቸው ነው።

ኃላፊው ሰባ አምስት ሳንቲም ሲባል ሳይከራከር ተስማማ። እኔ ሐርላ ላይ ከዘንዶ ጋር ተገበያይቼ አውቃለሁ፤ ዘንዶው እንኳ ተከራክሮኛል።

ጥሪው በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ። ባለደሞዝ ሳለ በቀትር እንደ ከተማው ሁሉ ጋደም ይል ነበር፤ ደሞዙ አይነካም። አሁን ግን የተኛበት ሰዓት ዳቦ አይገዛም። ስለዚህ ከተማው ሲተኛ እሱ ይበይዳል።

ጥቅምት ላይ ወባ ያዘው። ዘነበች በሩ ላይ ቆማ አትሄድም አለችው። ዛሬ ከቀረሁ የዛሬው የለም ብሎ ገፋ አድርጓት ወጣ። ቀትር ላይ ቦቴ ጀርባ ላይ ወጥቶ ሲበይድ ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ ወደቀ። ወገቡ ተሰበረ።

ጓድ ኃላፊው ሆስፒታል ድረስ መጣ። ፖስታ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ የዛሬ ጠዋቱ ሒሳብ ነው፣ እስከ ስድስት ሰዓት፣ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እዚህ ላይ አላጋንንም።

ዘነበች ፖስታውን አልነካችም።

«ከወደቀ በኋላ ያለው ሰዓትስ፣ ጓድ?»

ኃላፊው ጣሪያውን አየ።

«ዋጋውን የተናገረው እሱ ነው፣ እመቤት። የሚተኛበትን ቀን ዋጋው ውስጥ አላስገባም።»

ሣህሉ ወገቡ አልታዘዝ ስላለው ፊቱን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረ። ዘነበች ፖስታውን አነሣች። ልጆቹ ምሳ አልበሉም ነበር።