መሄጃው አንድ ሰዓት፣ መመለሻው ዘጠኝ

ልብስ ሰፊው የእናቱን የአውሮፕላን ቲኬት ሲያነብ ድምፁ ሦስት ሰፈር አቋርጦ ይሰማ ነበር።

«ጠዋት አራት ሰዓት ትነሻለሽ፣ አምስት ሰዓት እዚያ ነሽ። አንዲት ሰዓት ናት እማ። አንድ ሱሪ ቆርጬ ሳልጨርስ እህቴ ጋ ደርሰሻል።»

እናቱም እሺ ያሉት ለዚሁ ነው። ትንሽ ረዘም አድርገው ከተቀመጡ ጉልበታቸው እንደ ዛገ ማጠፊያ ድርቅ ይላል፤ ባለፈው ከአውቶቡስ ተሸክመው ያወረዷቸው ሰዎች ድልድይ ለመሥራት ይበቁ ነበር። ልጃቸው ደግሞ ወልዳለች። ሕፃኑን ሳላቅፈው ጥርስ ሊያወጣ ነው እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል።

«እስቲ መመለሻውን አንብብልኝ።»

አነበበ። ጠዋት አራት ሰዓት ተነሥቶ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ያርፋል። እናቱ በጣታቸው ቆጠሩ። ዘጠኝ።

«ስመለስ ዳገት ነው እንዴ?»

«ነፋስ ይሆናላ» አለ። ልብስ ሰፊው ከተወለደ ጀምሮ አላውቅም ብሎ አያውቅም።

«ስምንት ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ የሚጎትት ነፋስ ካለማ፣ ስሄድ ከኋላ እየገፋ መቼ በደህና ያሳርፈኛል?»

ይኼኔ ልብስ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሊጠይቅ ቲኬት ሻጯ ጋ ደወለ። ልጅቷ ሳቋን መግታት አቃታት።

«ጋሼ፣ መነሻው በመነሻው አገር ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው አገር ሰዓት ነው የሚጻፈው። እነሱ ከእኛ አራት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። በረራው ሲሄድም ሲመለስም አምስት ሰዓት ነው።»

እናቱ ጉልበታቸውን አሻሹ። ልብስ ሰፊው አልሄድም ሊሉ ነው ብሎ ቲኬቱን ማጣጠፍ ጀመረ።

«ነገ ሱቅህ ውስጥ አምስት ሰዓት ተቀምጬ እሞክረዋለሁ» አሉ።

በማግስቱ ወንበራቸው በግድግዳውና በመተኮሻ ጠረጴዛው መካከል ተወሸቀ። ሱሪ ሊለካ የመጣ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ ደንበኛ አጠገባቸው እንዲቀመጥ ታዘዘ።

«እማማ፣ የት ደረስን?»

«ባሕሩ ላይ ነን። ክንድህን ሰብሰብ አድርግ።»

በየሰዓቱ እየተነሡ እስከ በሩ ደርሰው ይመለሳሉ። ደንበኛውም እያሳለፈ ብድግ፣ ቁጭ።

«በዚህ አያያዝ ከስቼ ሱሪው ሊሰፋኝ ነው» አለ።

«ዝም ብለህ ተጓዝ።»

አምስተኛው ሰዓት ሲሞላ ልብስ ሰፊው መርፌውን ስቶ አውራ ጣቱን ወጋ። «ደርሰናል እማ» አለ፣ ቀጠን ባለች ድምፅ።

እናቱ ጠረጴዛውን ያዙ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ደንበኛው ሱሪዬ ተቀደደ ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ልብስ ሰፊው ሊደግፋቸው እጁን ቢዘረጋ ገፋ አደረጉት። ቀስ ብለው፣ ብቻቸውን ቆሙ።

«እህትህ ጋ ደውል» አሉ ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ። «ልትቀበለኝ ስትመጣ የሚያነሣኝ ሰው እንዳትሰበስብ። በእግሬ ነው የምወጣው።»