ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

፩

ሄንድሪክ፦ ምን ሆኑ? አመማቸው እንዴ?

ትርሲት፦ ኧረ ምንም አልሆነም።

ሄንድሪክ፦ አየኋቸው እኮ! «መኪናዎን ሊሸጡልኝ ፈቅደዋል?» ብዬ ስጠይቃቸው ደንግጠው ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ትርሲት፦ አልደነገጠም። አዎ ማለቱ ነው።

ሄንድሪክ፦ አዎ?

ትርሲት፦ አዎ።

ሄንድሪክ፦ እናንተ አገር ሰው እየደነገጠ ነው አዎ የሚለው?

፪

ይህ በስልክ፣ በቪዲዮ የተደረገ ንግግር ነው። ሄንድሪክ ሆላንድ ያለ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነው፤ አሮጌ የስፖርት መኪና ካየ አላስችል ይለዋል። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱታውን የጨመረችለት ትርሲት ናት። ትርሲት ልደታ፣ ወላጆቿ ቤት ተቀምጣ ታስተረጉማለች። ትንፋሹን የዋጠው አባቷ ደጀኔ ነው። ከጎኑ ተቀምጣ፣ ካሜራው ውስጥ ግማሽ ፊቷ ብቻ የሚታየው ደግሞ እናቷ እጅጋየሁ ናት።

ታሪኩ የእሷ ነው። በግማሽ ፊት ስለመጣች እንዳትንቋት።

የሚሸጠው ነገር ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል፦ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና። የፋብሪካዋን ስም አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ ዋጋዋን ስልካችሁ ላይ ለመፈለግ ትሄዱና እዚያው ትቀራላችሁ።

፫

መመሪያ፦

አፋችሁን በትንሹ ክፈቱ። ከንፈራችሁን አታሹሉ፤ ፉጨት አይደለም። አሁን አየር ወደ ውስጥ ሳቡ። ቶሎ። አጭር ትሁን። ቅንድባችሁንም ትንሽ ከፍ አድርጉት።

አዎ አላችሁ።

ዛሬ ጠዋትም ሳታውቁት ብላችኋታል፤ የታክሲው ረዳት «ወራጅ አለ?» ሲላችሁ። እኛ ለምደናት ነው እንጂ፣ ሄንድሪክ እውነቱን ነው፤ የደነገጠ ሰው ድምፅ ናት። ደግሞም የምንጽፍበት ፊደል የለንም። ሀ ብላችሁ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ብትቆጥሩ አታገኟትም፤ ፊደሎቻችን ሁሉ አየር ሲወጣ የሚሰሙ ናቸው። ስለዚህ እዚህ እንዲህ እጽፋታለሁ፦

(     )

ስትደርሱባት ዝም ብላችሁ አትለፏት። ሳቡላት።

፬

ደጀኔ ዕድሜውን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። መኪናዋን ያገኛት ቃሊቲ፣ አንድ መጋዘን ጀርባ፣ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት ነበር። ወንበሯ የለም። ወለሏን ዝገት በልቶታል። ደጀኔ በጋሪ አስጎትቶ ይዟት ሲመጣ እጅጋየሁ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይቺን ነው እንግዲህ መኪና የምትላት?» አለችው። እሱም (     ) አላት።

ከዚያ በኋላ ትርፍ ሰዓቱ ሁሉ የመኪናዋ ሆነ። ከሶማሌ ተራ የሚገኘውን መለዋወጫ ለቀመ፤ የማይገኘውን ራሱ ቀጥቅጦ አወጣ። አንዱን የበር እጀታ ሦስት ጊዜ ሠርቶ ሦስት ጊዜ ጣለው። በመጨረሻ ቀለም ቀባት። ሄንድሪክ ቀለሙን የዝሆን ጥርስ ይለዋል። እጅጋየሁ አብሽ ትለዋለች።

ጎረቤቷ ዘውድነሽ በአጥር በኩል ብቅ እያለች፣ «እጅጉ፣ ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» ትላታለች።

«ደህና አድራለች፤ ትናንትም ጌጥ ተገዛላት» ትላለች እጅጋየሁ፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

እውነቱን ልናገርና፣ እጅጋየሁ ትቀና ነበር። ክረምት ሲመጣ የሳሎኑ ጣሪያ ያፈሳል፤ ሳህን ስታቀባብል ታመሻለች። መኪናዋ ግን ሸራዋን ለብሳ ደረቅ ትሆናለች። ለጣሪያው ሸራ ስጠን ብትለው የሚሰጣትን መልስ ታውቁታላችሁ፤ ሸራው ግን አይመጣም።

፭

የድሮ ንግግር፣ ከሕመሙ በፊት፦

እጅጋየሁ፦ ደጀኔ፣ ቆርቆሮውን መቼም ዘንድሮ ታስጠግነዋለህ?

ደጀኔ፦ (     )

እጅጋየሁ፦ ሰምተኸኛል ግን?

ደጀኔ፦ (     )

እጅጋየሁ፦ እስቲ ምን አልኩህ?

ደጀኔ፦ ኧ?

ባል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ባል የሆናችሁም አትሸሹ። ሲሰማም ያው ናት፣ ሳይሰማም ያው ናት። እምቢ ሲል ግን ማንም አይሳሳትም ነበር። ምላሱን ከላንቃው አላቆ «ጭ» ያደርጋል፤ አለቀ። እጅጋየሁ ያቺን «ጭ» ስትሰማ ትናደድ ነበር። አሁን አንዴ ለመስማት ምን እንደምትሰጥ እሷ ናት የምታውቀው።

፮

ስትሮክ።

መኪናዋን ቀብቶ በጨረሰ ሰሞን ነው የመታው። ቀኝ ጎኑ ሰነፈ፤ ምላሱ ታሰረ። ቃላቱ ተራ በተራ እንኳ አልሄዱም፤ ባንዴ ነው የሄዱት። «ጭ»ም ምላስ ትፈልጋለችና አብራ ሄደች። ሌላው ሁሉ ሲሄድ አንዲት ብቻ ቀረችለት።

(     )

ሐኪሙ ሕንድ አገር የንግግር ሕክምና አለ አለ። ቶሎ ከተጀመረ አንደበቱ ሊመለስ ይችላል፤ ከቆየ ግን ተስፋው ይመነምናል። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ አይሸጥም። ቤተሰቡ የሚሸጥ ነገር አለው ከተባለ ግቢው ውስጥ ያለችው ናት። ፍርድ ቤትም እጅጋየሁ በባሏ ስም እንድትፈርም ፈቀደላት።

ትርሲት ፎቶ አንስታ ኢንተርኔት ላይ አወጣቻት፤ ሄንድሪክም ወዲያው ጻፈ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ፦ «በእጃቸው የሠሯት ሰውዬ ራሳቸው እሺ ካላሉኝ አልገዛም።»

፯

የንግግሩ ቀሪ፦

ሄንድሪክ፦ እሺ፣ አሁን ገባኝ። ይቅርታ። አዎ ካሉ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ?

ትርሲት፦ ይጠይቁ።

ሄንድሪክ፦ አይሆንም ሲሉስ እንዴት ነው የሚሉት?

ትርሲት፦

ሄንድሪክ፦ ሃሎ? ይሰማል?

እጅጋየሁ፦ ምንድን ነው የሚለው ሰውዬው?

ትርሲት፦ አባዬ እምቢ ሲል እንዴት ነው የሚለው ነው የሚለኝ።

እጅጋየሁ፦

ሄንድሪክ፦ ኔትወርኩ ተቋረጠ መሰለኝ።

ኔትወርኩ አልተቋረጠም ነበር።

፰

በማግስቱ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ።

«ሻይህ ላይ ጨው ላድርግልህ?»

(     )

«ጨው እኮ ነው ያልኩህ። ጨው።»

(     )

«ሚስትህ ዘውድነሽ ናት፣ አይደል?»

(     )

«ታዲያ ሂድላታ! እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችና ሳቀች። እሱም በሚታዘዝለት ግማሽ ፊቱ ሳቀ። ቀልዱ ገብቶት ይሁን እሷ ስለሳቀች ብቻ ይሁን፣ መለየት አልቻለችም።

«መኪናዋን ልሽጣት?»

(     )

«ወይስ ትቅር?»

(     )

ሳቁ እዚህ ላይ አለቀ። እጅጋየሁ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ በጠረጴዛ ጨርቅ አፏን ይዛ አለቀሰች። ፈቅዶልኛል ብላ እፎይ ብላ ነበር። ለካ የፈቀደ የለም። ዕድሜ ልኳን እሱ ሲወስን እሷ ስታጉረመርም ኖራ፣ አሁን ማጉረምረሚያ እንኳ አጥታ ለብቻዋ ቀረች።

ትርሲት ገብታ አቀፈቻት። «እማዬ፣ ለሄንድሪክ አዎ ብሎታል እኮ። ሰውየውም አምኗል። በቃ እንሽጣት።»

«ለጨውም አዎ ብሏል» አለች እጅጋየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔም ስጽፈው ከብዶኛል። ካልሸጠቻት አይናገርም። ከሸጠቻትና ከዳነ ደግሞ፣ አንደበቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀው መኪናዬ የት አለች ብሎ ሊሆን ይችላል። አንደበቱን የምትገዛለት እሱ ራሱ በወደደው ነገር ነው፤ ትግዛልኝ ማለቱን ደግሞ አታውቅም።

፱

ደጀኔን በዊልቸር እየገፋች ወደ ግቢው አወጣችው፤ የመኪናዋን ሸራ ገፈፈችው። አብሹ ቀለም ፀሐይ አገኘው። እጅጋየሁ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ደጀኔ፣ ዛሬ አልጠይቅህም። ዝም ብለህ ስማኝ። ልሸጣት ነው።»

ደጀኔ መኪናዋን አየ።

«አንተ አልፈቀድክም። አልከለከልክምም። እኔ ነኝ የወሰንኩት፤ እዳው የራሴ ነው። ብትናደድ እውነትህን ነው። እንዲያውም ተናደድ። ድነህ ስደበኝ! በገዛ አፍህ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ስደበኝ። እኔ ስድብህን መስማት እፈልጋለሁ።»

እዚህ ጋ ቅንፏን ጠብቃችሁ ይሆናል። እሷም ጠብቃ ነበር።

አልመጣችም።

ዓይኑን ከመኪናዋ አንስቶ ሚስቱ ላይ አደረገ። እጅጋየሁ አላቀረቀረችም። ከዚያ ትርሲትን ጠርታ፣ «ለፈረንጁ ደውዪለት» አለቻት።

እጅጋየሁ፦ ባለቤቴ አዎ አላለም፣ እምቢም አላለም በይው። እኛ ነን የተሳሳትነው። እሱ ያቺን ድምፅ ለሁሉም ነገር ነው የሚላት።

ትርሲት፦ እማዬ፣ እንደዚህ ካልኩት አይገዛም!

እጅጋየሁ፦ በይው ብዬሻለሁ።

(ትርሲት ተረጎመች። ሄንድሪክ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።)

ሄንድሪክ፦ ታዲያ የሚሸጠው ማን ነው?

እጅጋየሁ፦ እኔ። ሙሉ ፊቴን አሳዪው እስቲ፣ አስጠጊው ስልኩን።

ሄንድሪክ፦ እንግዲያው የምገዛው ከእርስዎ ነው። ሰውየው አንድ ቀን ከተናገሩ ግን ደውሉልኝ።

እጅጋየሁ፦ አይሆንም ካለስ ትመልሳታለህ?

ሄንድሪክ፦ አልመልሳትም። ማወቅ ግን እፈልጋለሁ።

፲

መኪና ጫኙ ሎቤድ መጣ። ልጆች መኪናዋን ገፉ፤ ሹፌሩ «ቀስ! ቀስ! እንዳትጫሯት!» እያለ ጮኸ። ዘውድነሽ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ «እጅጉ፣ እሰይ! ጣውንትሽ ሄደችልሽ!» አለች፤ እንደ ወትሮው ልትስቅ።

እጅጋየሁ ግን ነጠላዋን አደግድጋ፣ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዘውድነሽ በአጥሩ በኩል እጇን ዘርግታ ያዘቻት። ደጀኔ በረንዳው ላይ ነበር። ፊቱን ልታየው አልፈለገችም፤ ስለዚህ እኔም አላየሁትም።

ሄደች።

፲፩

ሕንድ አገር፤ ከደጀኔ ጋር የሄደችው እጅጋየሁ ናት። ሐኪሟ ካቪታ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ነዝናዛ። በየቀኑ ደጀኔን ፊት ለፊት አስቀምጣ ወረቀት ቀድዳ ታንጠለጥልለታለች፤ እፍ ብሎ እንዲያወዛውዘው። ወደ ውስጥ ሲስብ ጣቷን ታወዛውዛለች። ወደ ውጭ! ወደ ውጭ! ንግግር ማለት ወደ ውጭ የሚሄድ አየር ነው።

ወረቀቱ መወዛወዝ ሲጀምር ካቪታ ለትርሲት አዲስ አበባ ደወለች። መጀመሪያ የሚለማመዳቸው ቃላት ለማንኛውም ሰው የሚያስፈልጉት ሁለቱ ናቸው አለች፤ በእናንተ ቋንቋ ምንና ምን ናቸው? ትርሲት ነገረቻት፦ አዎ። አይ። ካቪታ ደስ አላት። ሁለቱም በአንድ ድምፅ ነው የሚጀምሩት፤ አንዴ አፉን ከከፈተ መንገዱ ቀላል ነው አለች።

፲፪

ካቪታ ለእጅጋየሁ በእጇ ምልክት ሰጠቻት፤ ጠይቂው ማለቷ ነው። መጠየቅ የነበረባት ቀላል ቀላሉን ነበር፤ ውሃ ትጠጣለህ ወይ፣ በረደህ ወይ። እጅጋየሁ ክፍሉን ቃኘች። ከሁለቱ በቀር አማርኛ የሚሰማ የለም።

«ደጀኔ፣ መኪናዋን ሸጥኳት። ደግ አደረግኩ?»

(     )

«እሷን አውቃታለሁ» አለች እጅጋየሁ። «እሷን አልፈልግም። ሌላውን ንገረኝ። የፈለገው ይሁን፣ ንገረኝ።»

ካቪታ ወረቀቱን ከፍ አደረገች። ደጀኔ የሳበውን አየር ይዞ ቆየ፤ አንገቱ ላይ ሥር ተነሣ። እጅጋየሁ ሁለት እጁን ያዘችው። ወረቀቱ ተንቀጠቀጠ።

«አ