ያልታሸው ክንድ

ሊማሊሞን በከባድ መኪና ስወርድ ያየኝ ሰው ሁሉ «ታገኘ፣ ይሄ ክንድህ ከምን ተሠራ?» ይለኛል። ስቄ አልፋለሁ። መልሱ ረጅም ነው፤ ግማሹ ደግሞ የኔን ጅልነት የሚያወራ ስለሆነ በየሻይ ቤቱ አይነገርም። ዛሬ ግን ልናገረው። ሰው ያደረገኝን ሰው በሰው ፊት ሳላመሰግን ብሞት አፈሩም አይቀበለኝ።

በ1959 ዓ.ም. ደባርቅ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከአምባራስ መጥቼ ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ደርሷል። በዚያ ዓመት አንድ አሜሪካዊ የእንግሊዝኛ አስተማሪ መጣልን፤ ሚስተር ኮል እንለዋለን። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ በርበሬ ሲቀምስ እንባው የሚወርድ ደግ ሰው ነበር። ይሄ ሰውዬ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ ይዞብን መጣ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ ከመታ ይሮጣል። የገባኝ ይኸው ነው። ኳሱን ኮርቻ ሰፊው በቆዳ ሰፋልን፤ ዱላውን ከወይራ ጠረብን።

ወርዋሪው እኔ ሆንኩ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? አገሬ ላይ ገብሱን ከጭላዳ ዝንጀሮ በወንጭፍ ስንጠብቅ ያደግን ሰዎች ነን። ሚስተር ኮል የመጀመሪያዋን ኳሴን ሲቀልብ እጁን አራገፈና «እንደገና» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማን ይቻለኝ!

ግንቦት ላይ ከጎንደር ልጆች ጋር ዳባት ሜዳ ልንገጥም ተቀጠረ። ያሸነፈው አዲስ አበባ ሄዶ ይጫወታል ተባለ። እኔ ከዳባት አልፌ አላውቅም። አዲስ አበባን በዚህች ክንዴ ነው የማያት አልኩ፤ ሌላ ሐሳብ ከልቤ ጠፋ።

ሚስተር ኮል «በቀን ሠላሳ ጊዜ ወርውር፤ ከዚያ በላይ የለም። ካመመህ ደግሞ ንገረኝ» ብሎኝ ነበር። ፈረንጅ ስለ ሰሜን ሰው ክንድ ምን ያውቃል? እሱ ዞር ሲልልኝ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከድንጋይ አጥር ጋር ገጥሜ መቶም፣ መቶ ሃምሳም እወረውራለሁ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በክርኔ በውስጠኛው በኩል አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ የሸሚዜን ቁልፍ የምቆልፈው በግራ እጄ ሆነ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ ሰው ብቻ ያየኝ ነበር። ያርጋል ይባላል፤ የወጌሻዋ የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ልጅ ነው፤ ሠላሳን ያለፈ ጎልማሳ። ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ እንደቀበረ ይመጣና አጥሩ ጥግ ተቀምጦ ስወረውር ዝም ብሎ ያየኛል። አንድ ቀን ክርኔን ይዤ ስቀመጥ ተጠግቶ «አንተ ልጅ፣ ክንድህን አሳርፈው» አለኝ።

«አንተ ምን አገባህ? እንዲህ ጋቢ ውስጥ ተቀብሮ ከሚውል እጅ የኔ ይሻላል» አልኩት።

ተነሥቶ ሄደ። እኔ ለከተማው እንግዳ ነኝ፤ የሱን ታሪክ አላውቅም። ባላውቅስ? ያን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ግጥሚያው ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ክርኔ እንደ ዳቦ ኩፍ አለ። ቅቤ በቅጠል ጠቅልዬ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዘንድ ሄድኩ፤ ወጌሻ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ከደረስጌ እስከ ዳባት እሳቸው ያላሹት ወለምታ፣ ያልጠገኑት ስብራት የለም።

«እመቤቴ፣ ለቅዳሜ ብቻ ያድርሱልኝ» አልኳቸው።

በአውራ ጣታቸው ክርኔን ሲዳስሱኝ ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት። «አሽቼ ሕመሙን አስተኛዋለሁ፤ ትወረውርበታለህ» አሉና ቅቤውን እሳት ላይ ጣዱት። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ክንዴን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሃል ያርጋል ገባ። እኔን አየኝ፤ ቅቤውን አየው። «እማዬ፣ እስኪ አንድ ጊዜ ወደ ጓዳ» አላቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲመለሱ የሴትዮዋ ፊት ሌላ ሆኗል። ቅቤውን ከእሳት አወረዱ። ሽንበቆ ሰንጥቀው ክንዴን ግራና ቀኝ ደገፉት፤ በጨርቅ ጠፍረው ከደረቴ ጋር አሰሩት።

«ኧረ ምን እያደረጉ ነው?»

«አርባ ቀን» አሉኝ። «ከዚያ በፊት የፈታኸው እንደሆነ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ጮኽኩ፣ ለመንኩ፣ ከዚያም የማይባለውን ሁሉ አልኩ። አልሰሙኝም። በኛ አገር ወጌሻ ያሰረውን ወጌሻው ራሱ ካልፈታው ማንም አይነካውም፤ ነገሩ እንደ ግዝት ነው። ጓደኛዬን ሸጋውን «እስሩን በቢላ ቁረጥልኝ» ብዬ ብለምነው ቢላውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «እጅህ ቢቀር በኔ ሊሳበብ ነው?» አለኝ። ሚስተር ኮል ደግሞ ጉዴን ሲሰማ መጀመሪያ ደብቀኸኛል ብሎ ተቆጣኝ፤ ቀጥሎ እስሩን አየና «ያሰረችህ ሴት ልክ ናት» አለ። እሱንም ጠላሁት።

ቅዳሜ ዳባት ሜዳ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስንሸነፍ አየሁ። የጎንደሩ ወርዋሪ ሀብተ ሚካኤል የሚባል ቀጭን፣ ክንደ ረጅም ልጅ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከኔ ይበልጣል። የኛ ልጆች ዱላ እስኪያነሡ ኳሱ አልፏቸው ይሄዳል። አንድ ሁለት ጊዜ ክርኑን ሲያሽ አይቼዋለሁ፤ ግን ማን ልብ ይለዋል? እነሱ አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ ደባርቅ ገብቼ በወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደጅ ሳልፍ ምራቄን ተፋሁ።

አርባው ቀን ሲሞላ ፈቱኝ። ክንዴ የሰው ክንድ አይመስልም ነበር፤ ከስቷል። ቀስ እያለ ግን ዳነ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኳቸውም። ዓመቱ ሲያልቅ ሚስተር ኮል አገሩ ገባ፤ ጨዋታውም በዚያው ቀረ። እኔም ትምህርቱን ትቼ የመኪና ረዳት ሆንኩ፤ ቆይቼ መሪ ጨበጥኩ።

በ1964 ጎንደር ላይ ጎማ እያስጠገንኩ አንድ ሰው ግራ እጁን ለሰላምታ ዘረጋልኝ። «የደባርቁ ልጅ አይደለህም? እጅህ ታስሮ ዳር የተቀመጥከው?» አለኝ።

ሀብተ ሚካኤል ነው። ቀኝ ክንዱ እንደታጠፈ ቀርቷል፤ አይዘረጋም፣ ከደረቱ በላይ አይነሣም።

«ምን ሆነህ ነው?»

«በዚያው በጨዋታው ነዋ። ሲያመኝ ወጌሻ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አሽቶ ያስተኛልኛል፣ እወረውራለሁ። ደግሞ ያመኛል፣ ደግሞ ያስተኛልኛል። አዲስ አበባ ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ጅማቱ ተበጠሰ።» ሳቅ አለ፤ ሳቁ አንጀቴን በላው። «አንተ ዕድለኛ ነህ። ማን ነበር ያሰረህ?» አለኝ።

ቡና ልጋብዝህ ቢለኝም እምቢ ብዬ፣ ጎማው እንደተሠራ መኪናዬን አስነሥቼ ደባርቅ ድረስ አልቆምኩም።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ማን እንደሆንኩ ነግሬያቸው ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁና እየደጋገምኩ ሳምኩት። ያየሁትን ነገርኳቸው። «ክንዴን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ደግሞ ደጅዎ ላይ ምራቄን ተፍቻለሁ። ይማሩኝ» አልኳቸው።

«ተነሥ ልጄ» አሉ። «እኔን አታመስግን። እኔማ ቅቤውን ጥጄልህ ነበር።»

ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ያርጋል በፈረስ ጉግስ ጊዜ እንደሱ ዘንግ ወርዋሪ በዚህ አገር አልነበረም። ለጥምቀት ክንዱን ሲያመው አሸሁት፣ ጋልቦ ወረወረ። ለመስቀል ሲያመው አሸሁት። አምስት በዓል እንዲህ አደረግሁ። ሰው ሁሉ እጅሽ መድኃኒት ነው ሲለኝ ደስ ይለኛል። በአምስተኛው ክንዱ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ፤ ይኸው እንደዚያው ቀረ። አንተ እስክትመጣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስንኖር አንድ ቀን አንቺ ነሽ ብሎኝ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ጓዳ ጠርቶኝ ‹እማዬ፣ የኔን ክንድ የገደልሽው በማሸት ነው። ይሄን ልጅ እሰሪው› አለኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ያከምኩት ይመስለኝ ነበር።»

እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። «እናም ላንተ ያለኝን ምስጋና አታውቀውም» አሉኝ። «ካንተ ወዲህ ላስተኛልህ ብዬ ያሸሁት ጎረምሳ የለም። ሁሉንም አስሬያቸዋለሁ።»

ያርጋል ከቤቱ ጀርባ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ የሊማሊሞን መንገድ ቁልቁል ያያል። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ጋሼ ያርጋል፣ ያን ጊዜ የሰደብኩህን ይቅር በለኝ። ይሄ ክንድ ያንተ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ይቅር ብዬሃለሁም አላለም። በግራ እጁ መሬቱን ዳበሰና ክብ ድንጋይ መርጦ ሰጠኝ።

«እስኪ ወርውር» አለ።

ጋቢዬን ጣልኩና ጥቂት ወደ ኋላ ሄጄ ባለ በሌለ ጉልበቴ ለቀቅሁት። ድንጋዩ ከአፋፉ ወጥቶ ሰማዩ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያም ወደ ቆላው ወረደ። ስዞር ያርጋል ተነሥቶ ቆሟል። ዓይኑን ከገደሉ አልነቀለም፤ የማይነሣው የቀኝ ትከሻው ወደ ፊት መጥቷል።

«እኔም ልክ እንዲህ ነበር የምወረውረው» አለኝ።